የአዳራሹ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሰሜን ሸዋ ከተሞች ለመጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ መምህራንና የንባብ ክበብ አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማና ከአረርቲ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። መንገዱ እንዴት እንደከረመ ሁላችንም ስለምናውቅ ለእናንተ ያለኝ ምስጋና የተለየ ነው።

የማነሳው ጉዳይ አንድ ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚከራከርበት፣ አንዳንዱም የሚቆጣበት ርዕስ ለውይይት ሲቀርብ «ይካሄድ» ወይም «ይቅር» ማለት ያለበት ማነው? የሚወስነውስ ምን ይዞ ነው?

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብሎ ለፈተና የሚያጠናበት ክፍል ነው። ያ ትልቅ ሥራ ነው፤ አልነካውም። ግን እስቲ የየከተሞቻችሁን አዳራሾች አስቡ። የሆቴሉ አዳራሽ ብር ይጠይቃል። የቀበሌው አዳራሽ የመንግሥት ስብሰባ አለበት። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የየራሱ ጉባኤ አለው። ሀብታሙም ድኻውም፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ሳይከፍልና አባል ሳይሆን ገብቶ የሚቀመጥበት ጣሪያ ፈልጉ ብትባሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ብዙ አታገኙም። አዳራሹ ላይ ግፊቱ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሰረዝ ታውቃላችሁ። ደብዳቤ አይጻፍም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይመጣም። ስልክ ይደወላል። «ለጊዜው ይቆይ» ይባላል። ማን አለ ብትሉ መልሱ «ከላይ ነው» ነው። ለታዳሚው የሚነገረው ደግሞ ሌላ ነው። መብራት ጠፍቷል ይባላል። አዳራሹ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተፈልጓል ይባላል። ከሁሉም የሚዘወተረው ግን «ቁልፍ የያዘው ልጅ የለም» የሚለው ነው።

ከዓመታት በፊት በዞናችን በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ስለ 1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ውይይት ተዘጋጅቶ ነበር። ወጣቶች ላታስታውሱት ትችላላችሁ። በዚያ ዓመት ክልሉ የገጠሩን መሬት እንደገና ሲያከፋፍል፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። የይዞታቸው ጣሪያ ከሌላው ገበሬ እንዲያንስ ተደረገ። የተቀነሰው ለሌላ ተሰጠ። ሰሜን ሸዋ ይህ ከተፈጸመባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የተወሰደበትና የተሰጠው ዛሬም ድንበር ተጋርተው ያርሳሉ። ልጆቻቸው ይጋባሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ። ስለዚያ ዓመት ግን አንድ ላይ ተቀምጠው አያወሩም።

ውይይቱን የሚመራ ሰው ተመርጧል። ከሁለቱም ወገን ተናጋሪ ተጋብዟል። ማስታወቂያው ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ቆይቷል። ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፍ የያዘው ልጅ የለም ተባልን። ስልኩ ዝግ ነው። እኛም ለመጡት ሰዎች የምንለው ጠፍቶን በሩ ላይ ቆምን።

አንድ አባት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የግብር ደረሰኞች ናቸው። ጠርዛቸው ተበልቷል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። በየዓመታቸው ደርድረው በክር ሰፍተዋቸዋል። ከንጉሡ ዘመን ይጀምርና በደርግ አልፎ 1989 ላይ ይቆማል። ጣታቸውን የመጨረሻው ደረሰኝ ላይ አድርገው «ማንበቢያ ቤት ነው ስላላችሁኝ ነው ያመጣሁት፤ ይነበብልኝ ብዬ» አሉኝ። ከእሳቸው ፈንጠር ብለው በዚያው ሽግሽግ መሬት የደረሳቸው አንዲት እናት ቆመዋል። በወጣትነታቸው ባል ሞቶባቸው ያለ መሬት የቀሩ ሴት ነበሩ። «እኔም የምለው አለኝ፤ እሳቸው ብቻ አይደሉም የተጎዱ» አሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ሊናገሩ መጥተዋል። እስከ እኩለ ቀን ተጠበቀ። ገበያ ቀን ስለነበር አንድ በአንድ ተበተኑ።

ያን ቀን ማን እንደከለከለ እስከ ዛሬ በወረቀት የሚታይ ነገር የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የተጻፈ ክልከላ ቢመጣ ይግባኝ ይባልበታል፣ ይከራከሩበታል፣ ቢያንስ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የጠፋ ቁልፍን ግን ማን ዘንድ ሄደህ ትከሳለህ?

እንዲህ ያለው ነገር የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ባርትልስቪል የምትባል ከተማ አለች። ሩት ብራውን የከተማዋን ቤተ መጻሕፍት 30 ዓመት ያህል መርታለች። እ.ኤ.አ. በ1950 ከሥራ ተባረረች። የተነገረው ምክንያት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የኮሚኒስት ጠባይ ያላቸው መጽሔቶች አስቀምጣለች የሚል ነው። መጽሔቶቹ ግን ዓመታት ሙሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ማንም አላነሳቸውም። የተነሱት እሷ ጥቁሮችና ነጮች እኩል ይስተናገዱ ብላ በአደባባይ መንቀሳቀስ ስትጀምር፣ ከሁለት ጥቁር መምህራን ጋር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገብታ እንስተናገድ ስትል ነው። ቦርዱ ሲደግፋት የከተማው አስተዳደር ቦርዱን ራሱን በተነው። አያችሁ፣ እዚያም የተባለው ሌላ፣ የተፈለገው ሌላ ነበር።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ አዮዋ ግዛት ውስጥ የደ ሞይን ከተማ ቤተ መጻሕፍት አንድ አጭር ሰነድ አጽድቋል። ያረቀቀው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፎረስት ስፖልዲንግ ነው። ጊዜው አውሮፓ ውስጥ መጽሐፍ የሚቃጠልበት ነበር። ሰነዱ ስለ መጻሕፍት ብቻ አይናገርም፤ አዳራሹንም ያነሳል። የስብሰባ ክፍሎቹ ለትርፍ ላልቆሙ ቡድኖች ሁሉ በእኩልነት ይሰጣሉ፤ መግቢያ አይከፈልም፤ ማንም አይከለከልም ይላል። በዓመቱ፣ በ1939፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ይህን ሰነድ መነሻ አድርጎ የራሱን መግለጫ አወጣ። መግለጫው ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። አዳራሽ የሚጠይቅ ሰው በእምነቱ ወይም በአባልነቱ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግበት የሚለው ሐሳብ ግን ዛሬም አለበት።

ስፖልዲንግን የማደንቀው ደንቡን ጸብ ከመምጣቱ በፊት ስለጻፈው ነው። ጸብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሁልጊዜ አንድ ሰውን ለመከልከል የተጻፈ ይመስላል። ብዙ ጊዜም ነው።

የተጻፈ ደንብ በችግር ቀን ምን እንደሚሠራ ለማየት ቶሮንቶን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 አንድ ቡድን ከቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች በአንዱ አዳራሽ ተከራየ። ተናጋሪዋ ሜገን መርፊ የምትባል ጸሐፊ ናት። ካናዳ የፆታ ማንነትን በሕግ ከመድልዎ መጠበቋ የሴቶችን መብት ይጎዳል የሚል አቋም አላት። በዚያ ከተማ ይህ የሚያስቆጣ ንግግር ነው። ጸሐፊዎች ተቃውሞ ፈረሙ፤ ፕሮግራሙ ካልተሰረዘ በቤተ መጻሕፍቱ መድረክ አንቀርብም ያሉም ነበሩ። ከንቲባው ጆን ቶሪ በውሳኔው ማዘናቸውን በይፋ ተናገሩ። ኃላፊዋ ቪክሪ ቦውልስ ግን ፕሮግራሙን አልሰረዘችም። ጥያቄው የአዳራሽ ደንባችንን ያሟላል፣ እኛ የሕዝብ ተቋም ስለሆንን ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ያስገድደናል አለች። በዕለቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተቃዋሚዎች ደጅ ወጡ። ንግግሩ ውስጥ ተካሄደ፤ ተቃውሞው ውጭ ተካሄደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ቀላል አልነበረም። የተቃወሙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ራሳቸው ዒላማ የሆኑበት ንግግር በእነሱም ግብር በሚተዳደር ቤት ሲደረግ ልባቸው ቆስሏል። ያንን ቀላል አድርጎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ክርክሩ ምን ላይ እንደነበረ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2017፣ አንድ ቀኝ አክራሪ ቡድን አዳራሹን ተጠቅሞ ቁጣ ከተነሳ በኋላ ደንቡን አሻሽሎ ነበር። ጥላቻን ወይም መድልዎን የሚያራምድ ስብሰባ ሊከለከል ይችላል የሚል ሐረግ ገብቶበታል። ተቃዋሚዎቹ ይህን ሐረግ ይዘው «በራሳችሁ ደንብ መሠረት ከልክሉ» አሉ። ኃላፊዋ ያንኑ ደንብ ይዛ «አይደርስበትም» አለች። ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ እየጠቆመ ነው የተከራከረው። ከንቲባውም ቅሬታቸውን የተናገሩት በይፋ ነው፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። በኦንታሪዮ ሕግ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው የራሱ ቦርድ ስለሆነ ቁልፉን ማስጠፋት አይችሉም ነበር።

ቦውልስ ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። የመርፊን ሐሳብ ወድጄ አይደለም። አዳራሽ መስጠት ሐሳቡን መደገፍ አይደለም። ዳሱን ያዋሰ ጎረቤት ሙሽራዋን አልዳረም። ይህ እኛ አገር በጣም የሚጠፋን ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ላይ ውይይት ከተደረገ ቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፉ ደጋፊ ነው ይባላል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የየትኛው ወገን እንደሆነች በሹክሹክታ ይወራል። ከዚያ ዝውውር ይመጣል፣ ወይም የደረጃ ዕድገቷ ይታሸጋል። እሷ ያደረገችው ግን ወንበር መደርደርና ማይክ መፈተሽ ብቻ ነው።

ግፊት በበጀት በኩልም ይመጣል። ሚሺጋን ውስጥ ጄምስታውን የሚባል አካባቢ ፓትሞስ የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለው። መደርደሪያው ላይ ባሉ ጥቂት መጻሕፍት የተቆጡ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በነሐሴና በኅዳር ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥተው የግብር ድጋፉን ከለከሉት። ቤቱ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ2023 ኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፤ ድጋፉም ጸደቀ። እዚያ ቢያንስ ድምፅ ይቆጠራል። እኛ ጋ አብዛኞቹ የከተማ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር ያሉ አንድ የበጀት መስመር ናቸው። መጽሐፍ መግዣው ለምን እንደተቀነሰ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይነግርም።

«ክርክር ባህላችን አይደለም፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይህን ሲሉኝ የሰሜን ሸዋ ልጆች ከሆኑ ይገርመኛል። አባቶቻችን ሲሟገቱ በላ ልበልሃ ብለው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ተራ በተራ ነበር። መንገደኛ ሳይቀር ዳኛ ሁነን ተብሎ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ቀጥሎ ይመልሳል።

ወደ ኋላ ደግሞ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚሁ ተጉለት ውስጥ፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተዋል። ጉዳዩ የቅዳሜ ሰንበት ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ስላሉ ለመቶ ዓመት ያህል ተገፍተዋል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው አገር ለቀው በስደት አርመን አገር ነው ያረፉት። በደብረ ምጥማቅ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳትና የሁለቱም ወገን አባቶች ተቀመጡ። ቅዳሜም እሑድም እንዲከበር ተወሰነ፤ የተገፉትም ወደ አንድነት ተመለሱ። ንጉሡ የትኛውን ወገን እንደሚደግፉ የታወቀ ስለነበር ጉባኤው ፍጹም ነፃ ነበር አልልም። ቢሆንም ነገሩ በጉባኤ አልቋል።

እኚሁ ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለትም የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ ግን በሌላ መንገድ ነው የያዟቸው። ዛሬ የተቀመጥንባት ከተማ ከመቆርቆሯ ጋር የተያያዘ ታሪክ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በድንጋይ ተወገሩ። ማን ትክክል ነበር ብዬ ለመፍረድ ሃይማኖታዊ ዕውቀቱ የለኝም። የማውቀው የሰንበቱ ክርክር በምእመናኑ ዘንድ መዘጋቱን፣ የደቂቀ እስጢፋኖስ ጉዳይ ግን ከ500 ዓመት በኋላም በታሪክ ተመራማሪዎች መካከል ገና እየተጻፈበት መሆኑን ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ላይ ማንኛውም ሰው ሐሳብ የመግለጽ ብቻ ሳይሆን መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብና የመቀበል ነፃነት እንዳለው ተጽፏል። የመቀበል መብት ማለት የአድማጩ መብት ነው። ቤተ መጻሕፍት የቆመውም ለዚህ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ያወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በ2022 ታድሷል። የቤተ መጻሕፍት ስብስብና አገልግሎት ለርዕዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካም ሆነ ለሃይማኖት ሳንሱር መገዛት የለበትም ይላል። «ይህ የግል አስተያየትህ ነው» ለሚላችሁ ኃላፊ የምታሳዩት ጽሑፍ አላችሁ ማለት ነው።

ሕጉ ድንበርም አለው። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት በሰው ላይ ጥላቻና ጥቃት የሚቀሰቅስ መድረክ አዳራሻችን ውስጥ ቦታ የለውም። እኔም አልሰጥም። ግን ልዩነቱን እንወቅ። የመሬት ሽግሽጉ ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም ማለት ጥላቻ አይደለም። የከተማው ማስተር ፕላን ማንን አፈናቀለ ብሎ መጠየቅ ጥላቻ አይደለም። ኃላፊን የሚያሳፍር ጥያቄ ሁሉ ጥላቻ ከተባለ አዋጁ ተጎጂን ሳይሆን ባለሥልጣንን ነው የሚጠብቀው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። «ጊዜው አይደለም» የሚለው ነው። አጣዬና ሸዋ ሮቢት ምን እንዳሳለፉ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ዛሬ ጠዋት ስትመጡ መንገድ ላይ አይታችሁታል። ሰው መሰብሰብ በራሱ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ቀን አለ። በዚያ ቀን አዳራሽ ከፍቶ ሰው መጥራት ድፍረት አይባልም፤ በሰው ነፍስ መጫወት ነው። የጸጥታ ኃላፊ ስጋት አለ ሲል መስማት አለብን። ግን በወረቀት ይበል። ስጋቱ ምን እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ ወደ መቼ እንደተላለፈ፣ ማን እንደወሰነ ይጻፍ። ቀን የተቆረጠለት ከሆነ ማስተላለፍ ነው። ቀን የሌለው ከሆነ መሰረዝ ነው፤ ስሙን አንቀይርለት። ሰው በየቤቱ የሚያጉረመርመው ነገር አዳራሽ ስለተዘጋበት አይጠፋም። ወደ ስልክ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ አወያይ የለም፣ ያኛው ወገን የለም፣ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ አባት የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በየከተማችሁ የአዳራሽ አጠቃቀም ደንብ ይጻፍ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ጠያቂው ቅጽ ይሞላል፤ ርዕሱን፣ ተናጋሪዎቹን፣ ቀኑን ይጽፋል። ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ያገኛል። ሁሉም እኩል ይስተናገዳል፣ የሚነካ ርዕስ ሲሆን ከሁለቱም ወገን ተናጋሪ እንዲኖር ቤተ መጻሕፍቱ ይመክራል። መከልከል ካስፈለገ ምክንያቱ ከደንቡ ቁጥር ተጠቅሶ በፊርማና በማኅተም ይሰጣል። ቅሬታ ላለውም ቅጽ ይኑር። ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የቅሬታ ቅጻቸው ላይ አቤቱታ አቅራቢውን «መጽሐፉን ሙሉውን አንብበውታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህችን ጥያቄ ለእኛም ወድጃታለሁ።

የስልክ ትእዛዝ ቢመጣስ? የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መዝገብ ትክፈት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ሰው ስምና ኃላፊነት፣ ያለውን ቃል ትጻፍ። ለደወለው ሰውም በትሕትና «ጌታዬ፣ መዝገብ ላይ እያሰፈርኩት ነው፤ በደብዳቤ ቢያደርሱኝ» ትበለው። ብዙው ስልክ እዚህ ላይ እንደሚያቆም አምናለሁ። የማያቆምም ይኖራል። ለዚህ ነው ይህን ሸክም በአንዲት ሠራተኛ ጫንቃ ላይ መጣል የማንችለው። መምህራን፣ አንባቢዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የከተማው ሽማግሌዎች ያሉበት የአማካሪ ኮሚቴ ይቋቋምና ደንቡ ላይ ይፈርም። ያኔ ስልኩ የሚደወለው ለአንዲት ደመወዝተኛ ሳይሆን ስም ላላቸው ብዙ ሰዎች ይሆናል። ቁልፉም ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት።

የደንቡ ረቂቅ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አዳራሽ ለሌላቸው፣ የማንበቢያ ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ለውይይት ለሚጠቀሙ እንደ ሞላሌና እነዋሪ ላሉ ከተሞች የሚሆነው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አራተኛው አንቀጽ፣ ማለትም ተናጋሪ በማን ጥያቄ ሊቀየር እንደሚችል የሚናገረው፣ ገና አላረካኝም። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱበት። ከሻይ በኋላ በእሱ እንጀምራለን።